ልብስ ብቻ የቀረበት ወንበር

ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ተርሚናል 5። ከአዲስ አበባ የመጣን መንገደኞች በኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ነን። ከፊቴ ያሉት እናት ጣታቸውን መስታወቱ ላይ እንዲያሳርፉ ሲነገራቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉትና ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ያ ቁጥር ይሆን እንዴ?» አሉኝ። የትኛው ቁጥር ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የአውሬውን ማለታቸው ነው። «አይደለም እማማ፣ አሻራ ብቻ ነው» አልኳቸው። አማተቡ፤ ጣታቸውን አሳረፉ፤ አለፉ።

ያን ዕለት ፈገግ ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አንድ መጽሐፍ እጄ ሲገባ ግን የእማማ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ።

ያረፍኩት በሰሜን ቺካጎ፣ ኤጅዋተር በሚባለው ሰፈር፣ ከአክስቴ ልጅ ቤት ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ሰፈሩ ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር ነው። ከፍ ባለው ሐዲድ ላይ ባቡሩ እየተንኳኳ ያልፋል፤ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ ብቅ ሲሉ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የቁሌት ሽታ አፍንጫን ይይዛል። ደርግን ሸሽተው፣ ብዙዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ወገኖቻችን በ1980ዎቹ እዚህ አካባቢ ሰፍረዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ከእትዬ በላይ ባለው ፎቅ የሆሳዕና ልጅ የሆነ ጎረቤት አለ፤ ኦሄር ውስጥ በጭነት ክፍል ሌሊት ሌሊት ይሠራል። የመጽሐፍ ሰው መሆኔን እትዬ ነግራው ኖሮ፣ ጥጉ የተጣጠፈ፣ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ መጽሐፍ ይዞልኝ ወረደ። «እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ይኼ ነው» አለኝ። «ዐሥራ ሁለቱንም ጨርሻቸዋለሁ። መዝገበ ቃላት አያስመዝዝህም።»

መጽሐፉ «ሌፍት ቢሃይንድ» ይባላል፤ «ወደ ኋላ የቀሩት» ብንለው ይሆናል። ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው። የትንቢቱን መሥመር ያሰመሩት ቲም ላሄይ የሚባሉ የባፕቲስት ፓስተር ሲሆኑ፣ ታሪኩን የጻፈው ጄሪ ጄንኪንስ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ በ1995 ወጣ፤ ዐሥራ ሁለተኛው በ2004። ከኋላ በተጨመሩት ጋር ተከታታዩ 16 ደርሷል፤ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሽጧል። ያሳተመው ድርጅት ከቺካጎ በስተምዕራብ ካሮል ስትሪም በምትባል ከተማ ይገኛል። ጄንኪንስም ቺካጎ ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። እኔ ሳላውቀው የገባሁት የልብ ወለዱ ደጃፍ ላይ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በአውሮፕላን ውስጥ ነው። ካፒቴን ሬይፎርድ ስቲል መንገደኛ የሞላበትን ቦይንግ 747 ከኦሄር ወደ ለንደን ያበራል። ሚስቱ ሃይማኖተኛ ሆናበት ቤቱ ቀዝቅዞበታል፤ ልቡ ከዋና አስተናጋጇ ጋር ነው። ላሄይ ሐሳቡ የመጣላቸው በእርግጥም በበረራ ላይ ሳሉ፣ የጋብቻ ቀለበት ያጠለቀ አብራሪ ከአስተናጋጅ ጋር ሲዳራ አይተው እንደሆነ ተናግረዋል። ይህ ሰው በዚህች ቅጽበት ጌታ ቢመጣ ምን ይውጠዋል ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ ጥያቄ መጽሐፉ ተወለደ።

አትላንቲክ ላይ፣ በጨለማ፣ አንዲት አሮጊት ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ባለቤታቸው አጠገባቸው የሉም። ወንበሩ ላይ ልብሳቸው አለ። አሮጊቷም ባለቤታቸው ራቁታቸውን ወጥተው እንዳያፍሩ ተጨንቀው፣ ልብሱን ይዞ እንዲፈልግላቸው ከኋላ የተቀመጠውን ጋዜጠኛ ይለምኑታል። ቀስ እያለ አንዱም ሌላውም ይነቃል። በየወንበሩ ልብስ፣ መነጽር፣ የጆሮ መስሚያ፣ ቀለበት ተቀምጧል፤ ባለቤቱ የለም። በዓለም ሁሉ እንዲሁ ሆኗል፤ ሕፃናት በሙሉ ጠፍተዋል፤ በእናታቸው ማኅፀን ያሉት እንኳ አልቀሩም።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው፤ እስኪነጋ መጽሐፉን አላስቀመጥኩትም። ጥሩን ነገር ጥሩ ማለት ግድ ነው። የዚህ ዓይነቱ ልብ አንጠልጣይ አባት የሚባለው ቶም ክላንሲ በ1984 ሰርጓጅ መርከብን አንባቢ አምኖ እስኪሰጥም ድረስ እንደገለጠው ሁሉ፣ ጄንኪንስም የአብራሪውን ክፍል፣ የሬዲዮውን ንግግር፣ ነዳጁ እስከየት ያደርሰናል የሚለውን ስሌት ያስጨብጣል። ተአምሩን የምናምነው በማሽኑ እውነተኛነት ነው። ሰማይ ተከፍቶ መለከት ቢነፋ ኖሮ «ተረት ነው» ብለን መጽሐፉን እንዘጋው ነበር። እሱ ግን ያሳየን የጆሮ መስሚያ ነው። በወንበር ላይ የተተወች ትንሽ ፕላስቲክ ከሰባት መለከት ይልቅ ታስደነግጣለች።

በማግስቱ ካፒቴኑ የሚኖርበትን ከተማ ላይ ብዬ ተነሣሁ። መሐል ቺካጎ ካለው ጣቢያ በባለ ሁለት ደርቡ ባቡር ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጓዝኩ፤ ማውንት ፕሮስፔክት ወረድኩ። «ተራራ» ይሉታል እንጂ ሜዳ ነው። በሕግ ስሙም «መንደር» ነው፤ የእኛ አገር መንደር ግን አይምሰላችሁ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ፣ ጋራዡ ሁለት መኪና የሚይዝ፣ እግረኛ የማይታይበት ሰፈር ነው። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ መሬቱን ሸፍኖታል። ኦሄር ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በአናት ላይ ያልፋል። ካፒቴኑ ወደ ቤቱ ተመልሶ የሚስቱንና የትንሹን ልጁን የሌሊት ልብስ አልጋ ላይ ያገኘው እዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ስዞር ያጋጠመኝ አንድ ሰው ውሻውን ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። እጁን አነሣልኝ፤ አነሣሁለት። ዝምታው እንደ ልብ ወለዱ ማግስት ነበር፤ ደግሞም ተራ ቅዳሜ ነበር።

ቡና ቤት ተቀምጬ ንባቡን ቀጠልኩ። ያኔ ነው ስማችን የመጣው።

ሰዎቹ ከመጥፋታቸው በፊት ሩሲያ በእስራኤል ላይ የአየር ጥቃት ትሰነዝራለች። እስራኤላውያን አንድም ሰው ሳይሞትባቸው የጠላት አውሮፕላኖች በሰማይ ላይ ነድደው ይወድቃሉ። ስብርባሪው ሲመረመር ሩሲያ በምስጢር አጋሮች እንደነበሯት ይታወቃል፤ ከእነዚህም ዋነኞቹ ኢትዮጵያና ሊቢያ ናቸው። የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ይላቸዋል። ስማችን ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ማንም መልሶ አያነሣንም።

ቡናዬ ቀዘቀዘ። መጽሐፉ የወጣው በ1995 ነው፤ ደርግ ከወደቀ 4 ዓመት ሆኖታል፤ ሞስኮ ራሷ መንግሥቷን ቀይራለች። ታዲያ ማን ነው የእኛን አውሮፕላን አስነሥቶ እዚያ የላከው? የላከው ሕዝቅኤል ምዕራፍ 38 ነው። ዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል፤ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር፣ አብዛኛው የዛሬዋ ሱዳን። የግሪኩ ትርጉም «ኢትዮጵያ» አለው፤ የ1611ዱ የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ተከተለው፤ የእኛም አማርኛ እንዲሁ። ላሄይ ጥንታዊውን ስም በካርታ ላይ ፈልገው ዛሬ ያ ስም ባለው አገር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ኤጅዋተር የሰፈሩት ሰዎች የሸሹት የሞስኮን ወዳጅ ነበር፤ ከእነሱ ሰፈር ብዙ በማይርቅ ከተማ ግን ኢትዮጵያ ከሞስኮ ጋር ዳግም ታሰረች።

ማታ ለጎረቤታችን ገጹን አሳየሁት። ሳቀ። «እኔም መጀመሪያ ስደርስበት ደንግጬ ነበር። ለፓስተራችን ጥያቄ አቅርቤአለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ሱዳን ነው አለኝ።»

እትዬ ጀበናዋን እየጣደች፣ «አሁን ሱዳን ሆነ?» አለች። «በመዝሙረ ዳዊት እጇን የምትዘረጋው ኢትዮጵያስ? እሷም ሱዳን ናት በሉኛ!»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ወደ ውስጥ ገባ። ቃሉ አንድ ነው። እጅ ስትዘረጋ እኛ ነን፤ ጦር ስታዘምት ሱዳን ናት። ላሄይ ትንቢትን እንደ በረራ ሰሌዳ አነበቡ ብዬ ልከሳቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እኛም ከሰሌዳው የሚመቸንን በረራ ብቻ ስንመርጥ ኖረናል።

ክርክሩ ወደ ንጥቀት ዞረ። ጎረቤታችን አማኞች ከመከራው ዘመን በፊት በድንገት ይነጠቃሉ ብሎ ያምናል። እትዬ ደግሞ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በአምስተኛው ሳምንት ደብረ ዘይት ሲባል ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው አንድ ምጽአት ነው፤ በምሥጢር ሳይሆን በግርማ የሚሆን። «ጌታ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የሚመጣው? አንዴ ተደብቆ፣ አንዴ ተገልጦ?» ትላለች። የንጥቀቱ ሥርዓት በዚህ መልኩ የተሰናዳው በ1830ዎቹ በአየርላንድ ያገለግል በነበረ ጆን ኔልሰን ዳርቢ በሚባል ሰባኪ እንደሆነና በ1909 በወጣው የስኮፊልድ ባለ ማስታወሻ መጽሐፍ ቅዱስ አማካይነት አሜሪካን እንዳጥለቀለቀ ነገርኳቸው። ጎረቤታችን ትከሻውን ነቀነቀ። «ከዳርቢ በፊት ጳውሎስ ጽፎታል» አለኝ። ለተሰሎንቄ ሰዎች የተላከውን ማለቱ ነው። መልስ አልሰጠሁትም፤ ሦስተኛው ቡና ቀርቦ ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት መጽሐፉን ጨረስኩ፤ ጎረቤታችን ከተከታዮቹም የወደደውን እየመረጠ አቀበለኝ። ድካሙ የታየኝ ያኔ ነው።

አንደኛው ቀላል ነው፤ ቴክኖሎጂ ቶሎ ያረጃል። ጋዜጠኛው ባክ ዊሊያምስ ኮምፒውተሩን ከአውሮፕላኑ ስልክ ጋር በሽቦ ለማገናኘት ሲታገል የ1995 አንባቢ ትንፋሹን ይይዝ ይሆናል። የዛሬ ወጣት ግን ዋይፋይ የት ሄደ ይላል። ዓለም እየጠፋ ብዙው ገጽ በስልክ ጥበቃ ያልቃል።

ሁለተኛው ይከብዳል። በ2000 በወጣው ስምንተኛ ቅጽ የአውሬው ምልክት ከቆዳ ሥር የሚቀበር ቺፕ ሆኖ ይመጣል። ያለ እሱ መግዛትም መሸጥም የለም፤ እምቢ ያለ አንገቱ ይቀላል። ጸሐፊዎቹ ጊዜውን አሽትተዋል፤ በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሕክምና መረጃ ተብሎ በሰው ክንድ የሚቀበር ቺፕ ፈቅዷል። የሰው እንጀራ በአንዲት ቁጥር ቢታሰር፣ ቁጥሯም በአንድ ሰው እጅ ብትገባ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ቁም ነገር ነው፤ የሚያስፈራም ነው። ግን ልብ አንጠልጣዩ ፍርሃቱን ከሚሰገድለት ሰው ወደ ዕቃው ያዛውረዋል። የዮሐንስ ራእይ የሚጠይቀው ለማን ትሰግዳለህ ብሎ ነው፤ ልብ ወለዱ ምን ዓይነት ማሽን ፊት ቆመሃል ወደሚለው አወረደው። እማማ በኦሄር ጣታቸውን በነጠላ ሲጠርጉ የፈሩት መስታወቱን ነበር። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ፍርሃቱ ግን መጽሐፍ ሳይፈልግ ከስብከት ወደ ስብከት፣ ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ እየዘለለ ደርሷቸዋል።

ሐሳዊው መሢሕም አያሳምንም። ኒኮላይ ካርፓቲያ የሚባል ሮማንያዊ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆሞ የአባል አገራትን ስም በፊደል ተራ በቃሉ ሲደረድር አዳራሹ በአድናቆት ያብዳል። እኛም የ1945 መሥራች አባል ነንና ስማችን በተራው ተጠርቷል ማለት ነው። ዓለምን ለማማለል ይህ ከበቃ፣ የአራተኛ ክፍል የጂኦግራፊ አስተማሪዬ ስንቱን ዙፋን በወረሱ!

ሦስተኛው ድካም እንግዳ ነገር ሆነብኝ፤ ስሙንም ቶሎ አላገኘሁለትም። የሆነ ነገር ይጎድላል። ምን እንደሆነ የነገረኝ መጽሐፉ ሳይሆን አንድ ንጋት ነው።

ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ በሬን አንኳኳች። «ተነሥ፣ መርዶ አለ።» ከሁለት ሕንፃ ማዶ የምትኖር አንዲት የጎንደር ሴት እናቷ ዐርፈዋል። ወሬው ማታ ደርሷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። ሌሊት ተረኛ ስለነበረች በሥራ ቦታ ደውሎ የሚነግራት እንዳይኖር ስልክ በስልክ ተማክረዋል። ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን እስክታወልቅ ጠበቅን። በብርዱ ውስጥ ከደረጃው ሥር ወደ ሃያ የምንጠጋ ሰዎች ቆመናል፤ ቄሱ አሉ፤ ጎረቤታችን የሚያንጸባርቅ የሥራ ሰደርያውን እንደለበሰ ከኦሄር በቀጥታ መጥቷል።

ወጣን። በሩን ከፈተች። ማንም አፉን አልከፈተም። ሰዎቹን አየች፤ ነጠላቸውን አየች፤ በዚያ ሰዓት ሃያ ሰው ለምን እንደሚመጣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃል። «እማዬን!» ብላ ልትወድቅ ስትል ሴቶቹ ያዟት።

ሬሳ የለም። ሬሳው ውቅያኖስ ማዶ ነው፤ ቀብሩም ያለ እሷ ይፈጸማል። ከቁምሣጥኑ ውስጥ ግን እናቷ የላኩላት ጋቢ ወጣ። ጭኗ ላይ አኖረችው፤ እያገላበጠች አለቀሰችበት። በአገራችን ገጠር የሟች ልብስና ጠመንጃ ለቅሶው መሐል እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሰውየው በሌለበት ልብሱ ሰው ይሆናል፤ ልብሱን እያዩ ያሞግሱታል፤ ልብሱን እያዩ ያለቅሱለታል። እዚህ በሦስተኛ ፎቅ፣ ማሞቂያው እየተንጫጫ፣ ያንኑ ሥርዓት አየሁ። እስከ ረፋዱ ድረስ የሚታጠፉ ወንበሮች ከቤተ ክርስቲያን መጡ፤ በፎይል የተሸፈነ ትሪ መጣ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ የሦስት ቀን የሥራ ፈረቃዋን ባልደረቦቿ ተከፋፈሉላት። ሦስቱን ቀን ብቻዋን አላደረችም።

የጎደለው ይህ ነበር። በ«ሌፍት ቢሃይንድ» ውስጥ በየወንበሩ ልብስ አለ፤ ለቀስተኛ የለም። ካፒቴን ሬይፎርድ ያለቅሳል፤ በዚህ አልበድለውም፤ የልጁን የሌሊት ልብስ ሲያገኝ ያለቀሰው ከልቡ ነው። ግን ብቻውን ነው። ጎረቤት አያንኳኳም፤ ምግብ ይዞ የሚመጣ የለም፤ አንድ ሌሊት አብሮ የሚያድር የለም። በዓለም ያለ ሕፃን ሁሉ ጠፍቷል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰዎች ቢሮ ይገባሉ፤ ምግብ ቤት ይቀጣጠራሉ፤ ካፒቴኑም ወደ በረራው ይጠራል። ስለ ልጆቿ በአደባባይ ደረቷን የምትመታ አንዲት ከተማ እንኳ አታጋጥመንም። ደራሲው የ747ን መሪ ጠንቅቆ ያውቃል፤ መንገደኛውን ግን ለትንቢቱ ማረጋገጫ ካዋለው በኋላ ይረሳዋል። በሰማይ ላይ ለነደዱት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችም ማንም አላለቀሰላቸውም፤ እናት ይኑራቸው አይኑራቸው እንኳ አልተነገረንም።

ጥንካሬውና ድካሙ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ፍጥነቱ ሌሊቱን ሙሉ አስነበበኝ፤ ያው ፍጥነት ደግሞ ለለቅሶ ጊዜ ነፈገ። ልብ አንጠልጣይ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ መሮጥ አለበት፤ ለቅሶ ደግሞ ሦስት ቀን ይቀመጣል። መንፈሳውያኑም ዓለማውያኑም ልብ አንጠልጣዮች በዚህ አንድ ናቸው፤ ክርስቲያናዊ ነኝ የሚል መጽሐፍ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር ይጠበቅበታል። ጌታው ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሶለታል።

መጽሐፉን ስመልስ ጎረቤታችን፣ «እህስ፣ እንዴት አገኘኸው?» አለኝ። «አጀማመሩ ግሩም ነው፤ ለቅሶ አይደርስም እንጂ» አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ «እኔ እኮ ያኔ እንግሊዝኛውን ነበር የማየው» አለኝ።

በአማርኛም እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ለመጻፍ የምታስቡ ወጣቶች፣ በተለይ ከወንጌላውያኑ በኩል፣ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ረቂቅ አሳይታችሁኛል። ቺፑንም፣ ድሮኑንም፣ ጸረ ክርስቶሱንም እንደፈቀዳችሁ ጻፉት። ከላሄይና ከጄንኪንስ ያቺን የጆሮ መስሚያ ተማሩ፤ ትልቅ ትምህርት ናት። ልመናዬ አንድ ነው። ሰዎቹን ከወንበራቸው ስታስነሡ ልብሱን ከኋላ ለቀረው ሰው ስጡት፤ ጎረቤቱንም ጠርታችሁ አጠገቡ አስቀምጡለት፤ ቢያንስ ሦስት ቀን።